የሸሪፉ ጭንቀትና የሟቾቹ ዝምታ

ስለ «ኮፕ ላንድ» በተወራ ቁጥር አንድ ዓይነት ምስጋና ይደመጣል። ሲልቬስተር ስታሎን ጡንቻውን ወደ ጎን ብሎ ተዋናይነቱን ያስመሰከረበት፣ ሮበርት ደ ኒሮ፣ ሃርቪ ካይቴልና ሬይ ሊዮታ በአንድ ማዕድ የተሰበሰቡበት፣ በጊዜው ተገቢውን ክብር ሳያገኝ የቀረ ድንቅ ፊልም ነው ይባላል። ፊልሙ በ1997 ለእይታ ከበቃ ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ምስጋናው እየደመቀ እንጂ እየደበዘዘ አልሄደም። የምስጋናው ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ፊልሙ በመክፈቻው የገባውን ዕዳ ሳይከፍል መውጣቱን የሚሸፍን መጋረጃ ነው። ታሪኩ የሚነሣው ሁለት ጥቁር ወጣቶች በፖሊስ ጥይት ሲወድቁ ነው፤ የሚቋጨው ግን አንድ ነጭ ሸሪፍ የተነፈገውን ክብር ሲያገኝ ነው። በመነሻውና በመድረሻው መካከል የሟቾቹ ጉዳይ ወዴት እንደ ገባ የሚጠይቅ አድናቂ ከስንት አንድ ነው።

ፊልሙን ላላዩት ወይም ለዘነጉት ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ከኒው ዮርክ ከተማ ባሻገር፣ ከሀድሰን ወንዝ ማዶ በኒው ጀርዚ ግዛት፣ ጋሪሰን የምትባል ምናባዊ ትንሽ ከተማ አለች። ነዋሪዎቿ በአብዛኛው የኒው ዮርክ ፖሊሶችና ቤተሰቦቻቸው ናቸው። ሕግ የሚያስከብሩበትን ከተማ ሥራቸው ሲያበቃ ጥለው ድልድዩን ይሻገራሉ፤ ከሚፈሩትና ከሚንቁት ሕዝብ ርቀው በጸጥታ ያድራሉ። ቤቶቹ የተሠሩበት ብድር ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ የለም፤ ከበስተኋላው ያለው የማፊያ እጅ ነው። የከተማዋ ሸሪፍ ፍሬዲ ሄፍሊን ይባላል። በወጣትነቱ ከነመኪናዋ ውሃ የገባች ልጃገረድ ዘሎ ገብቶ አውጥቷል፤ በዚያው የአንድ ጆሮውን መስማት አጥቷል። በጆሮው ሳቢያ የኒው ዮርክ ፖሊስ ሊቀበለው አልፈቀደም። ያዳናት ሊዝም ሌላውን፣ ደንበኛውን ፖሊስ አገባች። ለፍሬዲ የቀረለት ሊሆናቸው የተመኛቸውን ሰዎች ሰፈር መጠበቅ ነው። በሬ ካራጁ ይውላል እንዲሉ፣ ቀኑን ሁሉ የሚውለው ከሚንቁት ጋር ነው።

አንድ ሌሊት ባልደረቦቹ «ሱፐርቦይ» የሚሉት መሬይ ባቢች የተባለ ወጣት ፖሊስ በጆርጅ ዋሽንግተን ድልድይ ላይ ሲያሽከረክር፣ ሁለት ጥቁር ወጣቶች ያሉበት መኪና ይገጨዋል። አንደኛው በእጁ የያዘው የመኪና መሪ መቆለፊያ ብረት ጠመንጃ ይመስለዋል፤ የገዛ ጎማው ፍንዳታም የጥይት ድምፅ ይመስለዋል። ይተኩሳል፤ ሁለቱም ይሞታሉ። ደርሰው የተሰበሰቡት ፖሊሶች የሌለውን መሣሪያ ከሟቾቹ ዘንድ «ሊያገኙ» ሲሞክሩ አንድ የአምቡላንስ ሠራተኛ አይቶ ይጮህባቸዋል። ግርግሩ ሲጋጋል የባቢች አጎትና የፖሊሶቹ አውራ ሬይ ዶንላን፣ ልጁ ከድልድዩ ዘሎ ራሱን ገደለ ብሎ ያስወራና በስውር ወደ ጋሪሰን ያሻግረዋል። ውሎ አድሮ ሬሳው ያልተገኘ ሟች ጣጣ ማምጣቱ አይቀርም ብሎ ሲያሰላ፣ ያው አጎት የሸሸገውን ልጅ ለመግደል ይነሣል። የፖሊስን ጥፋት የሚከታተለው የውስጥ ጉዳይ መርማሪ ሞ ቲልደን ከወንዙ ማዶ ሥልጣን ስለሌለው የፍሬዲን እርዳታ ይለምናል። ባቢች በሕይወት መኖሩን በዓይኑ ያየው ፍሬዲ ግን ዝም ይላል።

እስከዚህ ድረስ ፊልሙ ብርቱ ነው። ጽሑፉን የጻፈውም ያዘጋጀውም ጄምስ ማንጎልድ ያደገው ዋሽንግተንቪል በተባለች፣ ብዙ የኒው ዮርክ ፖሊሶች በሚኖሩባት ትንሽ ከተማ ስለሆነ የሚናገረውን ያውቃል። ወቅቱም ነገሩን የሚደግፍ ነበር። በ1992 የተቋቋመው የሞለን ኮሚሽን በ1994 ባወጣው ሪፖርት የኒው ዮርክ ፖሊሶች በአደንዛዥ ዕፅ ንግድ፣ በዝርፊያና በሐሰት ምስክርነት እንዴት እንደ ተዘፈቁ፣ ባልደረባ ባልደረባውን እንዳያጋልጥ የሚያስገድደው የዝምታ ሕግም ይህን ሁሉ እንዴት እንደ ሸፈነ ለአደባባይ አብቅቶ ነበር። ማንጎልድ ይህን የመሰለ እሳት በእጁ ይዞ ነው የተነሣው። የስታሎንም ትጋት ሊካድ አይገባም። ወደ 18 ኪሎ ገደማ ክብደት ጨምሮ፣ ትከሻውን ጥሎ፣ ዓይኑን ሰብሮ፣ አንድ ጆሮ ብቻ ያለው ሰው ወደ ተናጋሪው እንዴት እንደሚያዘነብል አጥንቶ ቀርቧል። በስቶክሆልም የፊልም ፌስቲቫል በምርጥ ተዋናይነት መሸለሙ ያለ ነገር አይደለም። ክሱ ተዋናዩን አይመለከትም። ክሱ ትወናው ምን እንዲሸፍን እንደ ዋለ የሚመለከት ነው።

የመጀመሪያው ማጭበርበር የተደበቀው ሸሪፍ በሚለው ማዕረግ ውስጥ ነው። በአፍሪካ ቀንድ ሰው ጆሮ ይህ ቃል ሌላ ነገር ያስታውሳል፤ በሐረርም ሆነ በሌሎች የሙስሊም ከተሞች ሸሪፍ ማለት ዘሩ ከነቢዩ መሐመድ የሚመዘዝ የተከበረ ሰው ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ከዐረብኛው ጋር የድምፅ መመሳሰል እንጂ ዝምድና የለውም። አውራጃ እና ሹም የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት ጥንታዊ ቃላት የተጋጠመ ነው፤ ቃል በቃል ሲመለስ «የአውራጃ ሹም» እንደ ማለት ነው። በአሜሪካ አብዛኞቹ ግዛቶች ሸሪፍ በሕዝብ ድምፅ ይመረጣል። በኒው ጀርዚም ሸሪፍ ለአውራጃ በሙሉ የሚመረጥ፣ ፍርድ ቤት የሚያስጠብቅና የፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚያደርስ ሹም ነው፤ ትንሽ ከተማ የሚኖራት ሸሪፍ ሳይሆን የፖሊስ አዛዥ ነው። እንግዲህ ፍሬዲ ሄፍሊን በገሃዱ ኒው ጀርዚ ቢሆን ኖሮ ሸሪፍ ሊባል ባልቻለም። ይህን ሥራዬ ብሎ የሚከታተል ሰው ቃሉን ወደ አማርኛ «የፖሊስ አዛዥ» ብሎ ቢመልሰው ለእውነቱ ይቀርባል፤ ለፊልሙ ግን አይበጅም። ፊልሙ የፈለገው የኒው ጀርዚን ሹም ሳይሆን የካውቦይ ፊልሙን ሸሪፍ ነውና።

ማንጎልድ ይህን አልሸሸገም። የዋና ገጸ ባህርዩን የቤተሰብ ስም የወሰደው በ1957 «3፡10 ቱ ዩማ» በተባለው የካውቦይ ፊልም ከሠራው ተዋናይ ከቫን ሄፍሊን ነው፤ ያንኑ ፊልም በ2007 ራሱ ደግሞ ሠርቶታል። ከካውቦይ ፊልም መበደር በራሱ ነውር የለበትም። ነገር ግን የካውቦይ ፊልም ሕግ አንድ ነው፦ ከተማው በክፉዎች ይያዛል፤ ሕዝቡ ይፈራል፤ አንድ ሰው ብቻውን ሽጉጡን ታጥቆ በመንገዱ መካከል ይሄዳል፤ ክፉዎቹ ይወድቃሉ፤ ነገሩ ያልቃል። የጋሪሰን ክፋት ደግሞ እንዲህ የሚያልቅ አይደለም። ፊልሙ ራሱ በመጀመሪያው ሰዓት እንዳስረዳው፣ ክፋቱ በቤት ብድር ውል፣ በፖሊሶች ማኅበር፣ በአለቆች ቸልተኝነት፣ በሚስቶች ዝምታና በጎረቤት ይሉኝታ የተሸመነ ነው። የተሸመነውን ነገር በሽጉጥ መተርተር አይቻልም። ፊልሙ ግን ይሞክረዋል። የመጨረሻው ተኩስ ሲያበቃ ዶንላንና ግብረ አበሮቹ ይወድቃሉ፤ ተመልካቹም የተሸመነው ሁሉ አብሮ የተተረተረ መስሎት እፎይ ይላል።

ሁለተኛው ማጭበርበር በጆሮው ላይ የተፈጸመው ነው። አንድ ጆሮው የማይሰማ የሕግ አስከባሪ! ከዚህ የበለጠ ምሳሌ በየትኛው ፊልም ይገኛል? ፍሬዲ የሚሰማው ግማሹን ነው፤ የሚሰማውንም ግማሽ እንዳልሰማ ሆኖ ያልፋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚለው ብሂል ለዚህ ሰው የተነገረ ይመስላል፤ በከተማው የሚሠራውን ሁሉም ያውቃል፣ ጆሮው ሊሰማው የሚገባው ሹም ግን ዳር ይቆማል። ምሳሌው የሚጠይቀው መደምደሚያ ግልጽ ነው፦ ይህ ሰው መስማት መጀመር አለበት። ከወንዙ ማዶ ያለውን ለቅሶ መስማት፣ ምስክሩን መስማት፣ የሰማውንም በአደባባይ መናገር አለበት። ማንጎልድ ያደረገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ከመጨረሻው ተኩስ በፊት የዶንላን ሰዎች በፍሬዲ ደኅና ጆሮ አጠገብ ሽጉጥ ይተኩሱና ፈጽሞ እንዳይሰማ ያደርጉታል። ድምፅ ይጠፋል፤ ተመልካቹም ከሸሪፉ ጋር በታፈነ ጩኸት ውስጥ ሆኖ ተኩሱን ያያል። የድምፅ አያያዙ ድንቅ ነው ተብሎ ብዙ ተወድሷል፤ ድንቅም ነው። ግን ትርጉሙ ምንድን ነው? ፍሬዲ ጀግና የሆነው ምንም መስማት በማይችልበት በዚያች ሰዓት መሆኑ ነው። መስማት ያለበትን ሰው ፊልሙ አደንቁሮ አነገሠው።

ሦስተኛውና ከሁሉም የከፋው በሟቾቹ ላይ የተፈጸመው ነው። በ1997 በሲኒማ ቤት የታየው ቅጂ ከመቶ ደቂቃ በላይ ይረዝማል። ከዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ በድልድዩ ላይ ለወደቁት ሁለት ወጣቶች ከአሟሟታቸው በቀር የተሰጣቸው የለም ማለት ይቻላል። ካሜራው ቤታቸው አይገባም። እናት አይጠይቅም። ከየት ይመጡ ነበር፣ ወዴት ይሄዱ ነበር፣ ማን ይጠብቃቸው ነበር አይልም። ፊልሙን አይቶ የወጣ ሰው ስማቸውን ቢጠየቅ መልስ የለውም፤ የሸሪፉን የሙዚቃ ምርጫ ግን ያውቃል፤ በአንድ ጆሮው የብሩስ ስፕሪንግስቲንን አሮጌ ሸክላ እንደሚያዳምጥ ያስታውሳል። የሌለ መሣሪያ ሊቀመጥ ሲል ያየው የአምቡላንስ ሠራተኛ ጉዳዩን የሚቋጭ ዋና ምስክር ሊሆን ይገባው ነበር። በታሪኩ መቋጫ ላይ ግን ቦታ የለውም። በአንጻሩ የሬይ ሊዮታ ገጸ ባህርይ ፊጊስ ለኢንሹራንስ ገንዘብ ብሎ የገዛ ቤቱን አቃጥሎ፣ ቤት ውስጥ የነበረች ወዳጁ በዚያው ሞታ፣ በመጨረሻው ተኩስ ላይ ሸሪፉን ለማዳን እንደ ጀግና ብቅ ይላል። ያቺ ሴት ሦስተኛዋ የተረሳች ሟች ናት። ፊልሙ የሚያስታውሰው ሐዘን የፖሊሶቹን ብቻ ነው።

«ይህ የፍሬዲ ታሪክ ነው፤ ደራሲ የማንን ታሪክ እንደሚተርክ የመምረጥ መብት አለው» የሚል መከራከሪያ ይነሣ ይሆናል። መብቱ አለው። የመረጠውን ሰው ታሪክ ለማስጀመር ሁለት ሬሳ ተበድሮ ግን ብድሩን ሳይመልስ የመሄድ መብት የለውም። የፍሬዲ ጭንቀት ከምን መጣ? ከሊዝ፣ ከጆሮው፣ ካልተሰጠው መለያ ልብስ። የሁለቱ ወጣቶች ሞት ለዚህ ጭንቀት ምክንያት አይደለም፤ አጋጣሚ ነው። የአደባባይ በደል ወደ አንድ ሰው የግል ቁስል ተለወጠ፤ «ለሟቾቹ ማን ይጠየቃል?» የሚለው ጥያቄ «ሸሪፉ ወንድነቱን ያገኝ ይሆን?» በሚል ተተካ። በችግር የተዋጠውን የትንሽ ከተማ ሸሪፍ የሚያሳዩት አብዛኞቹ ወንጀል ነክ ፊልሞች የሚሠሩበት ስልት ይኸው ነው፤ «ኮፕ ላንድ» የሚያሳዝነው ከእነርሱ ስለሚያንስ ሳይሆን ከእነርሱ የሚበልጥበትን ዕድል በእጁ ይዞ ስለ ጣለው ነው።

ሌላ መንገድ እንደ ነበረ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከ«ኮፕ ላንድ» አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1996 ጆን ሴይልስ «ሎን ስታር»ን ሠርቶ ነበር። እዚያም ትንሽ ከተማ አለች፣ በቴክሳስና በሜክሲኮ ድንበር ላይ፤ እዚያም ልቡ የተሰበረ ሸሪፍ አለ። ክሪስ ኩፐር የሚጫወተው ሳም ዲድስ ትዳሩ የፈረሰበት፣ ዝነኛ ሸሪፍ በነበረው አባቱ ጥላ ሥር የሚኖር ሰው ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ የቆየ አጽም የሸሪፍ ምልክት አብሮት ሲገኝ ሳም ምርመራ ይጀምራል። ምርመራው ማዳመጥ ነው። ከሜክሲኮ ተወላጆች ቤት፣ ከጥቁሮች መጠጥ ቤት፣ ከነጮች ሹማምንት ዘንድ እየዞረ ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ወገን ስለ አንዱ ሙት የራሱ ታሪክ አለው። ሳም ስለ አባቱ የሚያውቀው ነገር ከተማው ስለ ራሱ ከሚያውቀው አይለይም። የግል ቁስሉና የአደባባዩ በደል አንድ ሆነው ይመረመራሉ፤ ምርመራውም የሚቋጨው በተኩስ ሳይሆን በንግግር ነው። እንዲህ ያለ ፊልም ከቀደመ በኋላ «ዘውጉ ከዚህ በላይ አይፈቅድም ነበር» ብሎ ማንጎልድን መከላከል አይቻልም።

«ፊልም ለመዝናኛ ነው፤ ይህን ያህል ማክረር ለምን?» የሚሉም አሉ። ለእነዚህ መልሱን የሚሰጠው የቀን መቁጠሪያ ነው። «ኮፕ ላንድ» በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የተከፈተው ነሐሴ 15 ቀን 1997 ነው። ከዚያ ስድስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 9፣ አብነር ሉዊማ የተባለ ከሄይቲ የመጣ ስደተኛ በብሩክሊን ተይዞ በፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ሊያደርገው የማይገባ ሥቃይ ተፈጸመበት። ፊልሙ ሲከፈት ዜናው ገና ትኩስ ነበር። የዝምታው ግድግዳ በሉዊማ ጉዳይም ተገትሮ ነበር። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል፤ ያንን ግድግዳ ያፈረሰው በመንገድ መካከል የሄደ ባለ ሽጉጥ አልነበረም። የተኛበት ሆስፒታል ነርስ ያየችውን አልደብቅም አለች፤ በኋላም ባልደረቦች የነበሩ ፖሊሶች በፍርድ ቤት ቆመው መሰከሩ። ዋናው አድራጊ በ1999 ችሎት መካከል ጥፋቱን አምኖ ሠላሳ ዓመት ተፈረደበት። «ኮፕ ላንድ» ውስጥ የዚያች ነርስ አቻ አለ፤ የአምቡላንሱ ሠራተኛ ነው። ፊልሙ ይህን ሰው ትቶ ሽጉጡን መረጠ።

ከሉዊማ ጉዳይ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ የካቲት 4 ቀን 1999፣ ከጊኒ የመጣው የሃያ ሦስት ዓመቱ አማዱ ዲያሎ በብሮንክስ በሚኖርበት ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ሳለ አራት ሲቪል የለበሱ ፖሊሶች 41 ጥይት ተኮሱበት፤ 19ኙ አገኙት። በእጁ የነበረው የገንዘብ ቦርሳው ነበር። በፊልሙ የመሪ መቆለፊያ ብረት ጠመንጃ እንደ መሰለ፣ በብሮንክስም የገንዘብ ቦርሳ ጠመንጃ መሰለ። አራቱም ፖሊሶች በየካቲት 2000 ጉዳዩ በተዛወረበት በአልባኒ ከተማ በነፃ ተለቀቁ። ስለ ተኳሾቹ ጭንቀት፣ ስለ ፍርሃታቸው፣ ስለ ሌሊቱ ጨለማ ብዙ ተባለ። ሟቹም በመንገድ ላይ ዕቃ እየሸጠ የሚያድር፣ ትምህርቱን ለመቀጠል የሚያስብ ወጣት እንደ ነበረ የታወቀው ወላጆቹ ባሕር ተሻግረው መጥተው በአደባባይ ስለ ተናገሩለት ነው። በፊልሙ ድልድይ ላይ ለወደቁት ሁለት ወጣቶች ግን እንዲህ የሚናገር አልተፈጠረላቸውም።

በዚህ ቀጠና ያለ ተመልካች ይህን ፊልም እንደ ሩቅ አገር ወሬ ሊያየው አይችልም። በአሜሪካ ከተሞች ሌሊት ታክሲ ከሚያሽከረክሩት ሰዎች መካከል ከዚሁ ከአፍሪካ ቀንድ የሄዱ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። በእነዚያ መንገዶች ፖሊስ መኪና አስቁሞ ወደ ውስጥ ሲመለከት የሚያየው ፊት የእነርሱ ፊት ነው። ሆኖም ተመልካቹ ፊልሙን ሲያይ ልቡን የሚሰጠው ለሸሪፉ ነው፤ ካሜራው ከሸሪፉ ጋር ስለሚቀመጥ፣ ሙዚቃው ከሸሪፉ ጋር ስለሚያዝን። ራሱን ከገዳዮቹ ጎረቤት ጋር አስማምቶ፣ ከሟቾቹ ጋር ያለውን ዝምድና ረስቶ ከፊልሙ ይወጣል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው በሌላው ዓይን ራሱን ሳያይ እንዲያልፍ የሚያስተምር ጥበብ፣ ምንም ያህል በጥሩ ሁኔታ ቢሠራ፣ ተመልካቹን ያጎድለዋል።

ስለዚህ የዚህ ፊልም አድናቂዎች ምስጋናቸውን እንዲተዉ ማንም አይጠይቃቸውም፤ ስታሎንን ያመስግኑ፣ የድምፅ አያያዙን ያድንቁ። ሒሳቡን ግን አብረው ያወራርዱ። እንዲህ ያለው ፊልም ገና ብዙ ይመጣል፤ የሚጠጣ ሸሪፍ፣ ሚስቱ የተለየችው ሸሪፍ፣ የድሮ ጥፋት የሚያባንነው ሸሪፍ፣ ሁሉም በየተራቸው በቴሌቪዥኑ መስኮት ይሰለፋሉ። ተመልካች የሸሪፉን ጭንቀት ከመካፈሉ በፊት ሁለት ጥያቄ ይጠይቅ፦ በዚህ ታሪክ መጀመሪያ ላይ የሞተው ማነው? ታሪኩ ሲያልቅስ ስለ እርሱ የተነገረ ነገር አለ ወይ? መልሱ የለም ከሆነ፣ በመጨረሻው ተኩስ የወደቁት ክፉዎች የቱንም ያህል ቢበዙ ፍትሕ ተደረገ ሊባል አይገባም።